ማግኒዝየም ድኝን አጥብቆ ሲይዝ፦ የፖሊሰልፋይድ ኬሚስትሪ በቀላሉ

ማግኒዝየምም ድኝም በዓለም ላይ ሞልተዋል። ማግኒዝየም ከምድር ቅርፊት ክብደት 2 በመቶ ያህሉን ይይዛል፤ በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ ደግሞ 1.3 ግራም ያህል ይገኛል። ድኝ ነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ ሲጣሩ የሚወጣ ተረፈ ምርት ስለሆነ በማጣሪያዎች አጠገብ እንደ ኮረብታ ይከመራል። ዳሎልን የጎበኘ ሰውም ሁለቱን በአንድ ስፍራ አግኝቷቸዋል፤ ከፍል ውሃው ዳር ያለው ቢጫ ቅርፊት ድኝ አለበት፣ በደናክል መሬት ሥር ከፖታሹ ጋር የተኛው ጨው ደግሞ ማግኒዝየም አለበት። ዛሬ በስልካችንና በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ላለው ባትሪ ሊትየም፣ አንዳንዴም ኒኬልና ኮባልት ያስፈልጋል። እነዚህ በጥቂት አገሮች የሚወጡና ዋጋቸው ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ማዕድናት ናቸው። ከማግኒዝየምና ከድኝ ባትሪ እንሥራ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

ቁጥሩም ያጓጓል። አንድ የማግኒዝየም አቶም ሁለት ኤሌክትሮን ይሰጣል፤ ሊትየም የሚሰጠው አንድ ብቻ ነው። በዚህ የተነሳ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ማግኒዝየም 3,833 ሚሊአምፒር ሰዓት ሲይዝ እኩል ቦታ የሚወስድ ሊትየም 2,062 ገደማ ይይዛል። አንድ ግራም ድኝ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ወደ ሰልፋይድ ከተለወጠ 1,672 ሚሊአምፒር ሰዓት ይቀበላል። ሁለቱ ሲጣመሩ በስሌት 1.77 ቮልት ይሰጣሉ። ይህም በኪሎ 1,680 ዋት ሰዓት ያህል፣ በሊትር ደግሞ ከ3,200 ዋት ሰዓት በላይ ማለት ነው። በኪሎ ከሆነ የሊትየምና የድኝ ጥንድ 2,600 ስለሚደርስ ይበልጠዋል፤ በሊትር ሲለካ ግን ማግኒዝየም ይቀድማል። እነዚህ ሁሉ የማግኒዝየሙንና የድኙን ክብደት ብቻ የያዙ የወረቀት ቁጥሮች ናቸው። ፈሳሹ፣ ካርቦኑ፣ ቆርቆሮው ሲጨመር ብዙ ይቀንሳሉ። ቢቀንሱም እንኳ ልፋት የሚገባቸው ናቸው።

ታዲያ ባትሪው እስካሁን ከቤተ ሙከራ ያልወጣው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው በመነሻውና በመድረሻው መካከል ነው። ድኝ ወደ ማግኒዝየም ሰልፋይድ የሚለወጠው በአንድ ጊዜ ዘሎ አይደለም፤ በመንገዱ ላይ ፖሊሰልፋይድ የተባሉ በርካታ ውህዶችን ያልፋል። ባትሪውን የሚያስኬዱትም የሚገድሉትም እነዚህ ናቸው።

ከቀለበት ወደ ሰንሰለት

ድኝ በተለመደው ሁኔታው ስምንት አቶሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሠሩት ቀለበት ነው። ባትሪው ሥራ ሲጀምር ማግኒዝየሙ ሁለት ኤሌክትሮን በውጪው ሽቦ በኩል ይልካል፤ ራሱ ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው አዮን ሆኖ በፈሳሹ ውስጥ፣ ማለትም በኤሌክትሮላይቱ ውስጥ፣ ወደ ድኙ ይጓዛል። ሁለቱ ኤሌክትሮኖች የድኙ ቀለበት ላይ ሲደርሱ ቀለበቱ አንድ ቦታ ላይ ይበጠሳል፤ በሁለቱም ጫፉ ኔጋቲቭ ቻርጅ የተሸከመ ባለ 8 አቶም ሰንሰለት ይሆናል። የመጀመሪያው ፖሊሰልፋይድ ይህ ነው። ተጨማሪ ኤሌክትሮን ሲመጣ ሰንሰለቱ እየተቆረጠ ባለ 6፣ ባለ 4፣ ባለ 2 እየሆነ ይወርድና በመጨረሻ እያንዳንዱ የድኝ አቶም ለብቻው ሁለት ሁለት ኤሌክትሮን ይዞ ከአንድ ማግኒዝየም ጋር ይጣመራል።

በዚህ ቁልቁለት ላይ ኤሌክትሮኖቹ እኩል አልተከፋፈሉም፤ ነገሩን ለመረዳት ይህ ቁልፍ ነው። ስምንቱ አቶሞች እስከ መጨረሻው ለመውረድ 16 ኤሌክትሮን ይፈልጋሉ። ወደ ባለ 4 ሰንሰለት ለመድረስ ከ16ቱ 4ቱ ይበቃሉ፣ ሩብ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ባለ 2 ለመውረድ ሌላ ሩብ ይሄዳል። የቀረው ግማሽ፣ ማለትም ከ1,672ቱ 836 ሚሊአምፒር ሰዓት፣ የሚገኘው ከመጨረሻዋ እርምጃ ብቻ ነው። ረጃጅሞቹ ሰንሰለቶች በፈሳሹ ውስጥ ስለሚሟሙ የመጀመሪያው ክፍል ፈጣን ነው። የመጨረሻው ግማሽ የሚካሄደው ግን በጠጣር ውስጥ ነው፤ ባትሪው የሚንቀራፈፈውም እዚያ ነው።

ፖሊሰልፋይዶች ባለ ቀለም ናቸው። ንጹሕ ኤሌክትሮላይት ውሃ ይመስላል፤ ባትሪው ሲሠራ ግን ፈሳሹ ቢጫ፣ ብርቱካንማ፣ አንዳንዴም አረንጓዴ ይሆናል። በአንዳንድ አሟሚዎች ደግሞ ጉልህ ሰማያዊ ይወጣል። ሰማያዊው የሚመጣው ባለ 6 ሰንሰለት ከመሃሉ ተሰንጥቆ ሁለት ባለ 3 ቁራጭ ሲሆን ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ጥንድ የሌለው አንድ ኤሌክትሮን ስለሚይዝ ራዲካል ይባላል። ላፒስ ላዙሊ የተባለውን የከበረ ድንጋይ ሰማያዊ ያደረገው በክሪስታሉ ውስጥ የታሰረው ይኸው ባለ 3 ድኝ ነው። ተመራማሪዎች በባትሪው ፈሳሽ ውስጥ ብርሃን እያሳለፉ የትኛው ቀለም እንደተዋጠ በመለካት፣ የትኛው ሰንሰለት በየትኛው ሰዓት እንዳለ ይከታተላሉ። ባትሪው ሳይከፈት ውስጡን ለማየት ከዚህ የተሻለ መስኮት ያላቸው ጥቂት ባትሪዎች ናቸው።

መሟሟቱ ለምን ያስፈልጋል

ብዙ ጽሑፍ ፖሊሰልፋይድን እንደ ወንጀለኛ ብቻ ያቀርበዋል። ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ በተመራማሪዎች ሥራ ላይም መዘዝ አለው።

ድኝ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ማግኒዝየም ሰልፋይድም አያስተላልፍም። ስለዚህ ድኙን የሚይዘው ካቶድ ካርቦን ይጨመርበታል፤ ኤሌክትሮኑ የሚደርሰው በካርቦኑ በኩል ነው። ነገር ግን ካርቦኑን የሚነካው የእያንዳንዱ የድኝ ቅንጣት ላዩ ብቻ ነው። ውስጡ ተዘግቶ ይቀራል። ከዚህ እስር የሚያወጣው መሟሟቱ ነው። ላይ ያለው ድኝ ፖሊሰልፋይድ ሆኖ ወደ ፈሳሹ ሲገባ ከሥሩ ያለው ይገለጣል፤ በፈሳሹ ውስጥ ያለው ደግሞ እየዞረ ባዶ የካርቦን ገጽ ያገኛል። በተጨማሪም ረጅም ሰንሰለት ጠጣር ድኝን አግኝቶ ራሱ ሊያሟሟው ይችላል። ፖሊሰልፋይድ ባይሟሟ ኖሮ ባትሪው ከድኙ የሚጠቀመው እጅግ ትንሹን ክፍል ብቻ ይሆን ነበር።

ችግሩ የሚጀምረው ሰንሰለቱ ከካቶዱ ሰፈር ሲወጣ ነው። በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ስስ መለያያ ቀዳዳ ያለው ነው፤ ለማግኒዝየም አዮን የተከፈተው በር ለፖሊሰልፋይድም ክፍት ነው። ሰንሰለቱ ተሻግሮ የማግኒዝየሙን ብረት ሲነካ ኤሌክትሮኑን በሽቦው በኩል ሳይሆን እዚያው በቀጥታ ይቀበላል። ያ ኤሌክትሮን ለእኛ ሥራ አልሠራም፤ ባክኗል። ያጠረው ሰንሰለት ወደ ካቶድ ተመልሶ በቻርጅ ጊዜ እንደገና ይረዝማል፤ እንደገናም ይሻገራል። ቻርጅ ማድረጉ በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደመቅዳት ይሆናል፦ ኤሌክትሪኩ ይገባል፣ ቮልቴጁ ግን ባለበት ይቆማል፣ ቻርጁም አያልቅም። ይህን መመላለስ በሊትየምና ድኝ ባትሪም ያውቁታል። ባትሪው ሳይነካ ቢቀመጥ እንኳ ሰንሰለቶቹ መሻገራቸውን ስለማይተዉ ያጠራቀመው ኃይል በራሱ ጊዜ ይሟጠጣል።

ማግኒዝየም ከሊትየም የሚለይበት

ለሊትየም የተገኘውን መድኃኒት ለማግኒዝየም መስጠት ለምን አልሠራም? የዚህ መልስ በአዮኖቹ መጠንና ቻርጅ ላይ ነው። የሊትየም አዮን ራዲየስ 76 ፒኮሜትር ያህል ነው፤ የማግኒዝየም 72። በመጠን እኩል ናቸው ለማለት ይቻላል። ቻርጃቸው ግን ይለያያል፤ ሊትየም አንድ፣ ማግኒዝየም ሁለት። እጥፍ ቻርጅ በእኩል ቦታ ሲታጨቅ አዮኑ በአጠገቡ ያገኘውን ኔጋቲቭ ነገር ሁሉ ጨምድዶ ይይዛል። የማግኒዝየምና የድኝ ባትሪ ችግሮች አብዛኞቹ ከዚህ ጥብቅ አያያዝ የሚመዘዙ ናቸው፤ በዚህ ዓይን ሲታዩ የተበታተኑ የሚመስሉት ችግሮች የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ይሆናሉ።

ከብረቱ እንጀምር። ሊትየም ብረት ከፈሳሹ ጋር ሲነካካ ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ኤሌክትሮንን ይከለክላል፣ ሊትየም አዮንን ግን ያሳልፋል፤ ስለዚህ ብረቱን ይጠብቃል እንጂ ባትሪውን አያቆምም። በሊትየምና ድኝ ባትሪ ውስጥ ሊትየም ናይትሬት የሚጨመረው ይህ ሽፋን ጠንክሮ ፖሊሰልፋይዱን እንዲመልስ ነው። ማግኒዝየም ላይ ግን ሽፋን ማለት ግድግዳ ነው። በተለመዱት የሊትየም ባትሪ ፈሳሾች ውስጥ በማግኒዝየም ላይ የሚፈጠረው ሽፋን የማግኒዝየም አዮኑን አላሳልፍም ይላል፤ አዮኑ በጠጣሩ ውስጥ በየደረሰበት ይጨመደዳልና። ስለዚህ የማግኒዝየም ባትሪ የሚፈልገው ባዶ፣ ያልተሸፈነ ብረት ነው። ባዶ ብረት ደግሞ ፖሊሰልፋይድ ሲመጣበት የሚከላከልበት ምንም ነገር የለውም። ፖሊሰልፋይዱ ብረቱ ላይ ደርሶ እስከ ማግኒዝየም ሰልፋይድ ከወረደ ደግሞ ይኸው ሰልፋይድ ራሱ የሚዘጋ ንጣፍ ይሆናል። ቀስ በቀስ ማግኒዝየሙን ለማሟሟትና መልሶ ለመለበጥ የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ይጨምራል፤ ባትሪው ያረጃል።

በፈሳሹ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። ፖሊሰልፋይዶች የተረጋጉ አይደሉም፤ እርስ በርሳቸው ድኝ ይቀያየራሉ። ለምሳሌ ሁለት ባለ 6 ሰንሰለቶች አንዱ ባለ 4፣ ሌላው ባለ 8 ሊሆኑ ይችላሉ። ባለ 8ቱ ደግሞ ሁለት አቶም ለቅቆ ባለ 6 ይሆናል፤ የተለቀቁት አቶሞች ተሰባስበው የድኝ ቀለበት ይሠራሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ከውጪ የገባ ኤሌክትሮን የለም፤ ያሉት ናቸው የሚከፋፈሉት። ማግኒዝየም በአጭር ሰንሰለት ጫፍ ላይ የተከማቸውን ቻርጅ ስለሚወድ ይህን ክፍፍል ወደ አጫጭሮቹ ያዘነብለዋል። አሟሚው አዮኑን በጥብቅ ከከበበውና ከሰንሰለቱ ካራቀው ግን ረጃጅሞቹም ራዲካሎቹም ዕድሜ ያገኛሉ። ግላይም በተባሉት የኤተር አሟሚዎች ውስጥ የሚታየው ቀለም ዲሜቲል ሰልፎክሳይድ በተባለው ሌላ አሟሚ ውስጥ ከሚታየው የሚለየውም ለዚህ ነው፤ ሰማያዊው ራዲካል የሚጎላው በኋለኛው ነው።

እዚህ ላይ ልብ የሚሰብር አጣብቂኝ አለ። ፖሊሰልፋይድን አብልጦ የሚያሟሟውና የሚያረጋጋው ዲሜቲል ሰልፎክሳይድ፣ ለማግኒዝየም ብረት ጠላት ነው፤ ብረቱ ላይ የሚዘጋ ሽፋን ይሠራል። ብረቱ የሚስማማው ከኤተሮች ጋር ነው፤ በኤተሮች ውስጥ ደግሞ የማግኒዝየም ፖሊሰልፋይድ ቶሎ ይወርድና ይዘቅጣል። አንዱን ወገን ያስደሰተ ፈሳሽ ሌላውን ያስቀይማል።

የመጨረሻው ቅርንጫፍ መድረሻው ላይ ነው። ማግኒዝየም ሰልፋይድ እንደ ገበታ ጨው ክሪስታል ነው፤ እያንዳንዱ ማግኒዝየም በስድስት ድኝ፣ እያንዳንዱ ድኝ በስድስት ማግኒዝየም ተከቦ ተቆልፏል። አይሟሟም ለማለት ይቻላል፤ አዮኖችም በውስጡ በቀላሉ አይንቀሳቀሱም። ባትሪው ሲሠራ እዚህ ደረጃ ላይ መድረስ አዝጋሚ ነው፤ ቻርጅ ሲደረግ ከዚህ መነሣት ደግሞ ከመድረሱ ይከብዳል። ቻርጅ የሚደረግበት ቮልቴጅ ባትሪው ከሚሰጠው እጅግ ከፍ የሚለውና ልዩነቱ ሙቀት ሆኖ የሚጠፋው ለዚህ ነው። አንድ በጎ ነገር ግን አለ። ድኝ ወደ ሊትየም ሰልፋይድ ሲለወጥ 80 በመቶ ያህል ያብጣል፤ ወደ ማግኒዝየም ሰልፋይድ ሲለወጥ ግን እብጠቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ካቶዱ በማበጥና በመኮማተር የሚደርስበት ስንጥቅ ይቀንሳል።

ፈሳሹን ፍለጋ

የማግኒዝየም ባትሪ ደጋግሞ ቻርጅ ሊደረግ እንደሚችል በጉልህ ያሳየው በእስራኤል የባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ የዶሮን አውርባኽ ቡድን በ2000 ነው። ካቶዱ ድኝ አልነበረም፤ የሞሊብዲነምና የድኝ ውህድ የሆነ፣ ሼቭረል ፌዝ የሚባል ክሪስታል ነበር። ማግኒዝየሙ ገብቶ የሚወጣበት ክፍተት አለው፤ የሚይዘው ኃይል ግን ትንሽ ነው። ወደ ንጹሕ ድኝ መሸጋገር ተገቢ ቢመስልም በሩን የዘጋው ፈሳሹ ነበር። የዚያ ዘመን ኤሌክትሮላይቶች ከግሪኛርድ ውህዶች፣ ማለትም ማግኒዝየም በቀጥታ ከካርቦን ጋር ከታሰረባቸው ውህዶች፣ የተወለዱ ናቸው፤ በውስጣቸው ኤሌክትሮን የሚለግሰው ካርቦን ድኝን ሲያገኝ ወዲያው ያጠቃዋል። ባትሪው ገና ሳይጀምር ድኙና ፈሳሹ እርስ በርስ ይበላላሉ።

በሩን የከፈተው በአሜሪካ፣ ሚሺጋን፣ አን አርበር ያለው የቶዮታ የምርምር ተቋም ነው። በ2011 ያወጡት ሥራ ላይ ከካርቦን ይልቅ በናይትሮጅን የታሰረና ዙሪያውን በግዙፍ ክንፎች የተሸፈነ የማግኒዝየም ውህድን ከአሉሚኒየም ክሎራይድ ጋር አዋህደው ድኝን የማያጠቃ ፈሳሽ ሠሩ። ባትሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ኃይሉን ሲሰጥ በአንድ ግራም ድኝ 1,200 ሚሊአምፒር ሰዓት ሰጠ። በሁለተኛው ጊዜ 394 ላይ ወደቀ። እኔ ከዚህ ዘርፍ ቁጥሮች ሁሉ ይህን ጥንድ አብልጬ አስታውሰዋለሁ፤ ምክንያቱም ተስፋውንም በሽታውንም አንድ ላይ ያሳያል። ድኙ እስከ ታች መውረድ ይችላል፤ ነገር ግን ፖሊሰልፋይድ ሆኖ ሲሟሟ አብዛኛው ወደ ቤቱ አይመለስም።

እነዚህ ፈሳሾች ክሎሪን አለባቸው። ክሎራይድ የማግኒዝየሙን ገጽ ያጸዳል፣ በዚህ ይመሰገናል፤ ባትሪው የታሸገበትን አይዝጌ ብረት ግን ይበላል። በጀርመን፣ ኡልም ባለው የሄልምሆልዝ ተቋም ዚሮንግ ዣኦ-ካርገርና ማክሲሚሊያን ፊሽትነር ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2017 ያቀረቡት ከክሎሪን ነጻ የሆነ የማግኒዝየም ቦሬት ጨው ነው። አንድ ቦሮን በመሃል፣ ዙሪያውን ብዙ ፍሎሪን የተሸከሙ ቅርንጫፎች ያሉት ግዙፍ ኔጋቲቭ አዮን ነው። ቻርጁ በሰፊ አካል ላይ ስለተበተነ ማግኒዝየሙ የሚጨመድደው ነገር አያገኝም፤ ነጻ ሆኖ ይጓዛል። የጥብቅ አያያዙን ችግር ከሥሩ የነካ መፍትሔ ስለሆነ ዛሬ ብዙ ቤተ ሙከራዎች ይህን ጨው መነሻ አድርገውታል። ፖሊሰልፋይዱ መሟሟቱን ግን አላቆመም።

በ2015 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሌላ ዘዴ አሳዩ፤ በፈሳሹ ላይ የሊትየም ጨው ጨመሩ። የሊትየም አዮን በማግኒዝየም ሰልፋይዱ ገጽ ላይ ካለው ድኝ ጋር እየተያያዘ ቁልፉን ያላላዋል፤ የማይነሣው ዝቃጭ እንደገና ወደ ሥራ ይመለሳል። ውጤቱ አስደሳች ነው፤ ሳይንሱንም ግልጽ አድርጎታል። ይሁን እንጂ ሊትየምን ለመተው የተጀመረ ባትሪ ሊትየም ሲጨመርበት መጠኑ መጠየቅ አለበት። ጥቂት ከሆነ ቅመም ነው፤ ብዙ ከሆነ ግን ካቶዱ ላይ የሚሠራው ሊትየም ነው፣ ባትሪው ስሙን ብቻ ነው ማግኒዝየም ያለው።

ሰንሰለቱን የት እናቆየው

ሰንሰለቱ እንዲሟሟ እንፈልጋለን፣ እንዲሻገር ግን አንፈልግም። አብዛኛው ሙከራ ይህን ድንበር ለማስመር የሚደረግ ነው። መጀመሪያ የተሞከረው ድኙን ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው ካርቦን ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ካርቦን ብቻውን ግን ለፖሊሰልፋይድ ፍቅር የለውም፤ ሰንሰለቱ በጫፎቹ ቻርጅ የተሸከመ ነው፣ የካርቦኑ ገጽ ደግሞ ገለልተኛ ነው። ስለዚህ በካርቦኑ ውስጥ የናይትሮጅን አቶሞች ይሰገሰጋሉ፣ ወይም እንደ ታይታኒየም ኦክሳይድ ያለ ሰንሰለቱን የሚስብ ዱቄት ይጨመራል፣ ወይም መለያያው በተመሳሳይ ነገር ይቀባል። እነዚህ ሁሉ መሻገሩን ያዘገያሉ፤ ባትሪው ለሳምንታት ሲቀመጥ ግን ዘገምተኛውም ይሻገራል።

ከዚህ የተለየው መንገድ ረጅም ሰንሰለት ጭራሽ እንዳይፈጠር ማድረግ ነው። ፖሊአክሪሎናይትራይል የተባለው ፕላስቲክ ከድኝ ጋር በ300 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢና ከዚያ በላይ ሲጋገር ድኙ አጫጭር ሰንሰለት ሆኖ በፕላስቲኩ ካርቦን ላይ ይጣበቃል። ቀለበት የለም፤ የሚሟሟ ባለ 8 የለም። የሚከፈለው ዋጋ የድኙ መጠን ነው፤ በእንዲህ ያለ ውህድ ውስጥ ድኙ ከክብደቱ ግማሽ እንኳ አይሞላም ብዙ ጊዜ። እኔ በበኩሌ ይህ መንገድ ከሌሎቹ ይልቅ ቶሎ ወደ ጥቅም ሊደርስ ይችላል ብዬ አምናለሁ፤ በተለይ ክብደት በማያሳስብበት፣ ለፀሐይ ኃይል ማጠራቀሚያ በሚተከል ባትሪ።

ሦስተኛው ሐሳብ ወደ ብረቱ ይዞራል፦ ማግኒዝየም አዮንን የሚያሳልፍ፣ ፖሊሰልፋይድን የማያሳልፍ ሰው ሠራሽ ሽፋን። ይህ ቢሳካ ፈሳሹን ከኤተሮች ውጪም መምረጥ ይቻላል፤ ያ አጣብቂኝም ይፈታል። ከሁሉ ከባዱ ግን ይኸው ነው፤ በጠጣር ውስጥ ማግኒዝየምን በቤት ሙቀት በፍጥነት የሚያሳልፍ ቁስ ጥቂት ነውና።

ስለዚህ ባትሪ የሚወጡ ውጤቶችን የምታነቡ ሁለት ሦስት ነገር አስተውሉ። ካቶዱ የተቀባበት ብረት መዳብ ከሆነ ተጠራጠሩ። ፖሊሰልፋይድ ከመዳብ ጋር ተዋህዶ የመዳብ ሰልፋይድ ይሠራል፤ እሱ ደግሞ ከድኝ ይልቅ ለማግኒዝየም የተመቸ ካቶድ ነው። ለረጅም ጊዜ የቆየ ያማረ ውጤት አንዳንዱ የድኝ ሳይሆን የመዳብ ሰልፋይድ ውጤት ነበር፤ ጠንቃቃ ቡድኖች ዛሬ ሞሊብዲነም ወይም በካርቦን የተለበጠ አሉሚኒየም ይጠቀማሉ። የድኙንም መጠን እዩ። በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር አንድ ሚሊግራም ገደማ ድኝ ቀብቶ ብዙ ፈሳሽ ማፍሰስ ለምርምር ይመቻል፤ በእንዲህ ያለ ባትሪ ላይ ግን በኪሎ ሲሰላ ከላይ ከጠቀስኩት 1,680 ዋት ሰዓት የሚተርፍ ነገር የለም፣ ክብደቱ ሁሉ ፈሳሽ ነውና።

ከሁሉ በላይ ግን የዕረፍት ፈተናውን ፈልጉ። በፍጥነት ቻርጅ እየተደረገ በፍጥነት ኃይሉን የሚሰጥ ባትሪ ፖሊሰልፋይዱ ለመሻገር ጊዜ ስለማያገኝ ጤነኛ ይመስላል። ቻርጅ ተደርጎ፣ ከሽቦው ተነቅሎ፣ ለቀናት ተቀምጦ ከዚያ ምን ያህሉን እንደመለሰ የሚያሳየው መስመር በብዙ ጽሑፎች ውስጥ የለም። ባለበት ጊዜ ደግሞ ፈሳሹ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ሰንሰለቱ በየትኛው ርዝመት እንደሚቆም፣ ብረቱ ላይ ምን እንደተነጠፈ ሁሉ በዚያች አንዲት ቁጥር ውስጥ ይነበባል።